ፕሪሚየም ይሰምጣል፣ ላክዥሪ ያስከስሳል

በጎረቤቴ በሣህሌ ሠርግ ላይ ከዳሱ ውጭ፣ አጥሩ ጥግ ያስቀመጡኝን ሰዎች ስም እስከ ዛሬ በቃሌ እወጣዋለሁ። ቦታ ጠቦ አልነበረም። ዳሱ ውስጥ ባዶ አግዳሚ ነበረ፤ በዓይኔ አይቻለሁ። ነፋሱ ከዳሱ ወደ እኔ እንጂ ከእኔ ወደ ዳሱ እንዳይነፍስ መርጠው ነው ያስቀመጡኝ።

እኔ ኤርሳዶ፣ ጂንካ ከተማ ቆዳ መጋዘን ውስጥ ጨው ነስናሽ ነኝ። ከበናም ይምጣ ከሐመር ወይም ከአሪ፣ የታረደ ከብት ቆዳና የታረደ ፍየል ሌጦ ሁሉ ማረፊያው እኔ እጅ ነው። ስነሰንስ፣ ሳገላብጥ፣ ስደረድር እውላለሁ። ማታ በሳሙና ታጥቤ፣ በሎሚ ታሽቼ፣ ልብስ ቀይሬ ብወጣም ሽታው ቀድሞኝ ሰላምታ ይሰጣል። ሰው ጫማውን ይወዳል፤ ቆዳውን ያቀረበለትን ግን ሲያይ መንገድ ይቀይራል።

ጸሎት ቤታችን ሳይዘጋብን ወንድሞች፣ “ኤርሳዶ፣ በመስኮቱ በኩል ብትቀመጥ ነፋስ ታገኛለህ” ይሉኝ ነበር። ነፋሱ ለእኔ ታስቦ መስሎኝ ስንት ዓመት አመሰገንኳቸው። በመሠረተ ትምህርት ዘመቻም ጊዜ እስከ አራተኛ ክፍል የተማርኩትን ሰው ሀ ሁ ከሚቆጥሩት ጋር ደባልቀው፣ እሱንም በር አጠገብ አስቀመጡኝ። ይህን አላነሣውም።

የመጋዘኑ ኃላፊ ዓባይነህ ይባላል። አሥራ ሁለተኛ ክፍል ጨርሻለሁ ይላል፤ መጨረሱን እንጂ ማለፉን አልነገረንም። በዕድሜ እበልጠዋለሁ። ሆኖም እኔ “እርስዎ” እለዋለሁ፣ እሱ “አንተ” ይለኛል። ሲያዘኝ መሀረቡን አፍንጫው ላይ ስለሚይዝ ግማሹ ትእዛዝ መሀረቡ ውስጥ ይቀራል። ያልሰማሁትን ሳልሠራ ስቀር ደግሞ ይቀጣኛል።

ነገሩ የመጣው በ1976 ዓ.ም. ነው። ቆዳችንን አዲስ አበባ ተረክቦ ወደ ውጭ የሚወስድ አንድ ግሪክ ነጋዴ፣ ሙሴ ስታቭሮ የሚሉት፣ ይህ ሌጦ የሚመጣበትን አገር ልየው ብሎ ጂንካ ድረስ መጣ። ከብቶቹ ከማረፊያው ሜዳ ተባረሩ፣ አውሮፕላኑ አረፈ፣ ሙሴ ስታቭሮ ወረደ፣ ከብቶቹ ተመለሱ። ድሬዳዋ ተወልዶ ያደገ ነውና አማርኛ ያውቃል፤ ወንዱንና ሴቱን ግን አይለይም።

ዓባይነህ ከረባት አስሮ ቢሮውን ሊያስጎበኘው ተዘጋጅቷል። ሰውዬው ቢሮውን አልፎ በቀጥታ መጋዘን ገባ፤ ያለ መሀረብ! እጁን ዘረጋልኝ። የእኔን በሱሪዬ ጠረግ ላደርግ ስል ቀድሞ ያዘው፤ ከዚያ አልለቅም አለ። ወደ አፍንጫው አስጠጋው። ዓይኑ እንባ ሞላ።

“አንቺ ሰውዬ” አለኝ፣ “እጅሽ አባቴን ይሸታል። አባቴ ቆዳ ፋቂ ነበረች።”

በሕይወቴ ስለ ሽታዬ የተመሰገንኩት ያን ቀን ብቻ ነው። ዓባይነህ በር ላይ ቆሞ ከረባቱን ያጠብቃል፣ ያላላል።

ጥቂት ወራት አለፉ። አንድ ቀን አውሮፕላኑ ሁለት ባለ ሥዕል መጽሔት ይዞ መጣ። ሙሴ ስታቭሮ የላከው ቃል አጭር ነው፦ ያቺ ባለ ጨው ሰውዬ በሜዲትራኒያን ባሕር ላይ በመርከብ እየተንሸራሸረች ትረፍ፣ ወጪው የእኔ ነው፤ መርከቦቹ የሁለት ኩባንያ ናቸውና የወደደችውን መርጣ በሚቀጥለው አውሮፕላን ታሳውቀኝ።

ዓባይነህ መጽሔቶቹን ጠረጴዛው ላይ ዘረጋ። እኔ በር ላይ ቆሜያለሁ፤ ቢሮው ውስጥ መግባት ተከልክያለሁ።

“አንደኛው ፕሪሚየም ነው” አለ በመሀረቡ ውስጥ። “ሁለተኛው ላክዥሪ ነው።”

“ልዩነታቸው ምንድን ነው?”

“አንደኛው ጥሩ ነው። ሁለተኛው በጣም ጥሩ ነው።”

“በጣም ጥሩው ካለ ጥሩውን ለምን ላኩት?”

“ላንተ ቢጤ ነዋ!” አለና መጽሔቶቹን በጣቱ ጫፍ ገፋልኝ። “ለነገሩ ሰውዬው ተሳስቷል። ኃላፊው ተቀምጦ ጨው ነስናሽ አይጋበዝም። ይህን በስብሰባ እናየዋለን።”

ቤት ወስጄ አገላበጥኳቸው። ሌላ ሰው ቢሆን ባሕሩን ያይ ነበር፤ ሰማያዊ ነው፣ ብዙ ነው፣ አለቀ። እኔ ያየሁት ገበታውን ነው። የፕሪሚየሙ ገበታ ረጅም ነው። ሰዎቹ ትከሻ ለትከሻ ተደጋግፈው ይስቃሉ፤ አንድ ሽማግሌ እጁን በሴትዮዋ ላይ አሳልፎ ከሌላ ሰው ሳህን ያነሣል፣ ማንም አይቆጣውም። የላክዥሪው ገበታ ትንሽ ነው። አንድ ሰው ነጭ ጨርቅ ፊት ተቀምጧል፤ ነጭ ጓንት ያጠለቀ አስተናጋጅ ከኋላው ቆሟል። ሌላ ሰው በአቅራቢያው የለም።

እውነቱን ልናገር፤ ሜዲትራኒያን ለእኔ ምንም አይደለም። እኔ የምፈልገው አንድ ጊዜ ከሰው ጋር በአንድ ገበታ መሃል ተቀምጬ፣ ማንም ሳይነሣ፣ በልቼ መነሣት ነው። ለዚህ ረጅሙ ገበታ ይሻላል። ግን ከጎኔ ያለው ቢነሣስ? ከዚያም የቀጠለው? በትንሹ ገበታ የሚነሣ ሰው ስለሌለ የሚያዋርደኝ የለም። አሳቡ እንቅልፍ ነሣኝ።

በማግስቱ ጎሳዬ ቤታችን መጣ። ቆዳውን ከእኛ ጭኖ ወደ አርባ ምንጭ የሚያመላልስ የኤን ትሬ ጭነት መኪና ሹፌር ነው። እሱም ናፍጣ ናፍጣ ይሸታል፤ የሹፌር ሽታ ግን ለምን ክብር እንደሆነ እስካሁን አልገባኝም። መርከቦቹን አሳየሁት።

“ምን አልክ? ፕሪሚየም?” ብሎ ከመቀመጫው ተነሣ። “ተው! ተው አንተ ሰውዬ!”

“ታውቀዋለህ?”

“እንዴት አላውቀው! የመኪናው ኢንሹራንስ ወረቀት ላይ የተጻፈው ምን ሆነና? ወይጦ ላይ ስገለበጥ መጀመሪያ የጠየቁኝ ‘ተርፈሃል ወይ?’ ብለው መሰለህ? ‘ፕሪሚየም ተከፍሏል ወይ?’ ነው ያሉኝ።”

“ታዲያ ይሄ መርከብ ነው እኮ።”

“ፕሪሚየም የሚከፈለው ለሚገለበጥ ነገር ነው። ለአግዳሚ ፕሪሚየም ሲከፈል አይተሃል? ለአህያ? ይሄ ደግሞ ስሙ ራሱ ፕሪሚየም ነው! ባለቤቶቹ ያውቁታል ማለት ነው። አውቀው ነው የሰየሙት።”

ባለቤቴ የሺሀረግ ቦሎቄ እየለቀመች ትሰማለች። “እግዚአብሔር ይስጥህ ጎሳዬ” አለች። “በሌላኛው ይሂድ።”

“ሌላኛው ቅንጦት ነው አሉ” አልኳት።

“ቅንጦት ኃጢአት ነው፤ ግን ከኃጢአት በንስሐ ይወጣል። ከባሕር በምን ትወጣለህ?”

“ዮናስ ወጥቷል።”

“ዮናስ ነቢይ ነው። አንተን ደግሞ የትኛው ዓሣ ይውጥሃል? አፉ አስገብቶ ይተፋሃል እንጂ።”

“ዮናስንም እኮ ተፍቶታል!”

ጎሳዬ በሳቅ ወደቀ። የገዛ ሚስቴ ናት፤ ቤቴ ውስጥ፣ እንግዳ ፊት። እንግዲህ ከመስጠም ይሻላል ብዬ ላክዥሪውን መረጥኩና ለዓባይነህ ነገርኩት። ፈገግ አለ። የእሱ ፈገግታ ሲመጣ አውቀዋለሁ፤ የሚያመጣውን ነው የማላውቀው።

ወደ ውጭ አገር ለመሄድ የቀበሌው ስብሰባ መደገፍ አለበት ተባለ። እሑድ አዳራሹ ሞላ። ሰብሳቢው ካድሬው ጓድ መኮንን ነው። እኔ በልማዴ በር አጠገብ ነኝ። ዓባይነህ ተነሥቶ ጉሮሮውን ጠረገ።

“ጓድ ሰብሳቢ፣ ጓድ ኤርሳዶ ሁለት መርከብ ቀርቦለት ቅንጦትን መርጧል።”

“ኧረ ጉድ!” አለ አዳራሹ።

“መጀመሪያ ሳሙና ይምረጥ!” አለ አንዱ። ሣህሌ ነው፤ ድምፁን አውቃለሁ።

ጓድ መኮንን ጠረጴዛውን መታ። “ጓድ ኤርሳዶ፣ የወዛደር ልጅ ሆነህ በከበርቴ መርከብ ልትንፈላሰስ? ይህ ከመስመራችን ጋር ይሄዳል?”

“አይሄድም ጓድ። እንግዲያው ፕሪሚየሙ ይሁንልኝ።”

“ይሰምጣል!” ብሎ ጎሳዬ ከኋላ ጮኸ። ለእኔ አዝኖ ነው፤ ግን መጮኹን ለምን አልተወውም? ወይጦ ላይ የተገለበጠውን ኤን ትሬ ለስብሰባው ከነዝርዝሩ አስረዳ። ሳሙና ይምረጥ ሲለኝ የነበረ ሕዝብ በአንድ ጊዜ ራራልኝ።

“የሚሰምጥ መርከብ ላይ ሠራተኛ አይጫንም!”

“ቃለ ጉባኤ ይያዝበት!”

ተያዘበት። ጓድ መኮንን በዚህ መሃል መጽሔቶቹን አንሥቶ ከንፈሩን እያንቀሳቀሰ ሽፋናቸውን ማንበብ ጀመረ። ድንገት ከንፈሩ ቆመ። አንዱን አስቀምጦ ሌላውን አነሣ። እሱም ላይ ቆመ።

“ጓድ ዓባይነህ፣ ይህ ቃል ምን ይላል?”

“እ… ክሩዝ ይላል ጓድ።”

“በዚህኛውስ?”

“እሱም ክሩዝ ይላል።”

በዚያ ዓመት ሬድዮ ያለው ሰው ሁሉ ክሩዝን ያውቃል። ማታ ማታ ዜናው ሌላ ነገር አልነበረውም፤ ኢምፔሪያሊስቶች አውሮፓ ውስጥ ክሩዝ ሚሳይል ተከሉ፣ ሊተክሉ ነው፣ ጨመሩ። ሬድዮ የሌለን ደግሞ በሰልፍ ላይ “ክሩዝ ይውደም!” ብለን አውቀነዋል። መርከብ ላይ መንሸራሸር ክሩዝ እንደሚባል ግን ሬድዮውም ካድሬውም አልነገሩንም። ዓባይነህም እንግሊዝኛው እዚያ አልደረሰም፤ ደርሶ ቢሆን ኖሮ ያን ጊዜ ይናገር ነበር።

“ሁለት ክሩዝ!” አለ ጓድ መኮንን፣ በጣም ቀስ ብሎ። “ጂንካ ድረስ!” ሽፋኑን ወደ ሕዝቡ አዞረ። መርከቡ ፎቶ የተነሣው ከፊት ለፊት ነው፤ መሃሉ ላይ ቀይ የጢስ መውጫ ወደ ሰማይ ቆሟል። “ይህ የተገተረው ቀይ ነገር ምንድን ነው?”

“የጢስ መውጫ ይመስለኛል” አለ ዓባይነህ።

“ሚሳይል ጢስ የለውም?”

“እንግዲያው ፕሪሚየሙ ኢንሹራንስ የተከፈለለት ሚሳይል ነው!” አለ ጎሳዬ፣ ነገሩ ገና አሁን በርቶለት።

“ያኛው ደግሞ የከበርቴ ሚሳይል ነው!” አለ ሣህሌ።

“ክሩዝ ይውደም!” አለ አዳራሹ ግራ እጁን አንሥቶ። እኔም አነሣሁ። ምን ላድርግ? ክንዴ ሲነሣ ከፊቴ ያሉት ዞር ብለው አዩኝ፤ ያ ደግሞ በሚሳይሉ ምክንያት አይደለም።

ጓድ መኮንን ዝም እንዲሉ አደረገ። “ይህን ተቀብሎ፣ አንብቦ፣ ለሠራተኛ ያከፋፈለው ማን ነው?”

ራስ ሁሉ ወደ ዓባይነህ ዞረ።

“ነገ ጠዋት ቢሮዬ። ከነማብራሪያህ።”

ከስብሰባው ቤቴ ገብቼ ጫማዬን ሳላወልቅ በሩ ተንኳኳ።

“ጋሽ ኤርሳዶ፣ ደህና ዋሉ?”

ማንን ነው ብዬ ወደ ኋላዬ አየሁ። ዓባይነህ ነው፤ መሀረብ አልያዘም። ግቢ ውስጥ ትርፍ በርጩማ ስላልነበረ እንዲደርቅ የዘረጋሁት የፍየል ሌጦ ላይ ተቀመጠ። ያውም እርጥቡ ላይ።

“ሽታው አያስቸግርህም?” አልኩት። “አንተ” ያልኩት ያኔ ነው መጀመሪያ፤ አፌ ላይ እንደ ስኳር ጣፈጠኝ።

“የምን ሽታ?” አለ።

ለካ ፍርሃት አፍንጫ ይደፍናል። የሺሀረግ ቆጮና ጎመን አቀረበች። በላ። ከእኔ ጋር፣ ከአንድ ትሪ፣ ኃላፊው!

“ጋሽ ኤርሳዶ፣ የተጋበዙት እርስዎ ነዎት። መርከብ ነው፣ ሚሳይል አይደለም ብለው ይመስክሩልኝ።”

“እኔ ምን አውቄ? እንግሊዝኛውን ያነበብክልኝ አንተ። እኔ ጨው ነስናሽ ነኝ።”

“እባክዎ ጋሼ!”

ጥቂት አኘክሁ። “የእህትህ የሣራ ሠርግ መቼ ነው?”

“ከፋሲካ በኋላ።”

“እኔ የት ነው የምቀመጠው?”

ገባው። “ዳሱ ውስጥ።”

“ዳሱ ሰፊ ነው።”

“ከፊት።”

“ከፊት የት?”

“ከሙሽሮቹ ጋር፣ ከክብር እንግዶቹ ገበታ” አለ በቀጭን ድምፅ።

“ማልልኝ።”

“ማርያምን!”

እኛ ጴንጤዎች አንምልም። የእሱ መሐላ ግን ጠቀመኝ።

ሰኞ ጠዋት ሁለታችንም ጓድ መኮንን ቢሮ ቀረብን። መስኮቱን ከፈተው። እኔ ምንም ሳልናገር የገበታው ሥዕል ያለበትን ገጽ ገልጬ ፊቱ አስቀመጥኩ።

“ጓድ፣ ሚሳይል ውስጥ ሹካ ምን ያደርጋል?”

ሥዕሉን አራቀው፣ አቀረበው። “ለአንድ ሰው ሦስት ሹካ?”

“እሱ ላክዥሪው ነው ጓድ።”

“በፕሪሚየሙስ?”

“አንድ ነው፤ ከሰው ሳህንም ይነሣል።”

መጽሔቱን ዘጋ። “ሚሳይል አለመሆኑ ተረጋግጧል” አለ። ዓባይነህ የተነፈሰው አየር መጋረጃውን አነቃነቀው።

“እንግዲህ እኔ ልሂድ ጓድ?” አልኩ። ለዓባይነህ መትረፍ ብቻ ብዬ አልመጣሁም።

“በየትኛው ትሄዳለህ? በቅንጦቱ እንድትሄድ መስመሩ አይፈቅድም። በሚሰምጠው እንዳትሄድ ሕዝቡ ወስኗል፣ ቃለ ጉባኤ ተይዞበታል። ሦስተኛ መርከብ አላቸው?”

“የላቸውም።”

“በል ሥራህን ቀጥል።”

ወጣን። ከብቶቹ ከሜዳው ሲባረሩ ደረስን። አውሮፕላኑ የእኔን መልስ ሳይዝ ተነሣ፣ ከብቶቹ ተመለሱ፣ እኔም ወደ ጨዌ ተመለስኩ። ሙሴ ስታቭሮ ያቺ ሰውዬ ኮራችብኝ ብሎ ቀርቶ ይሆናል። እሱን ባስቀየምኩት አዝናለሁ፤ ሌላውን ግን ሜዲትራኒያን ይውሰደው።

ለእኔ ሠርጉ አለልኝ። ፋሲካ አልፎ የሣራ ሠርግ ደረሰ። ከጠዋት ጀምሮ ታጠብኩ። የሺሀረግ ጀርባዬን በሎሚ አሸችኝ፤ ጎሳዬ ኮቱን አዋሰኝ። ዓባይነህ መሐላውን አልበላም። እጄን ይዞ በሣህሌ ፊት አሳልፎ፣ ነጭ አንሶላ ከተነጠፈበት ረጅም ገበታ መሃል አስቀመጠኝ። በቀኜ የሙሽራው አጎት፣ በግራዬ አንድ መምህር፣ ቀጥሎ ሚዜዎች፣ ወዲያ ሙሽሮቹ። ሣህሌን ከሩቅ አየሁት። አንገቴን ቀና አደረግሁ። ወጡ ቀረበ። አሁን ነው አልኩ።

ዳሱ ግን ከማረፊያው ሜዳ በኩል ክፍት ነው፤ ወንበሬም ለዚያ ክፍት ጀርባውን ሰጥቷል። የዓባይነህን ልብ ማሸነፍ ችያለሁ፣ የካድሬውንም፤ ነፋሱን ያነጋገረው ሰው የለም። መጣ። በእኔ ላይ አልፎ ገበታውን ሁሉ ዳሰሰ።

የሙሽራው አጎት አንድ ነገር ትዝ አለውና ተነሣ። መምህሩ፣ “ልጆቹ እንዳይረብሹ ልያቸው” ብሎ ሄደ፤ የምን ልጆች እንደሆኑ አልገባኝም። ሚዜዎቹ መዝሙር መጣ ብለው ተነሡ፤ መዝሙር አልመጣም። ሣራ አበባዋን አፍንጫዋ ላይ አድርጋ ቆየችና ሙሽራውን ለፎቶ ብላ ይዛው ወጣች። ያ ሁሉ ነጭ ገበታ ለእኔ ቀረ። አንድ አስተናጋጅ ብቻ ትሪ ይዞ ከኋላዬ፣ ራቅ ብሎ ቆሟል።

ሥዕሉ ትዝ አለኝ። ነጭ ጨርቅ፣ አንድ ሰው፣ አንድ አስተናጋጅ፤ ጓንቱ ብቻ ነው የጎደለው። ላክዥሪ የሚሉት ይኸው ነው። ዓባይነህ በእንግሊዝኛው ሊያስረዳኝ ያቃተውን ነፋሱ አስረዳኝ። ያን ጊዜ ምርጫዬን በልቤ ለወጥኩ። አውሮፕላኑ ከሄደ ስንት ወሩ! የሚሰምጠው ነበር የሚሻለኝ። ቢሰምጥም ትከሻ ለትከሻ ነው።

“ምነው ካፒቴን፣ ብቻህን?”

ጎሳዬ ነው። ሳህኑን ይዟል፤ ኮቱን ለእኔ ስለሰጠ በሥራ ልብሱ ነው የመጣው፣ ናፍጣውም አብሮት መጥቷል።

“ተነሡ” አልኩት።

“አይቻለሁ። ጠጋ በል።”

“ገበታው ባዶ ነው፣ የፈለግክበት ተቀመጥ።”

“ጠጋ በል አልኩህ!”

ትከሻው ትከሻዬን እስኪነካ ተቀመጠ። ነፋሱ እንደገና መጣ። ጎሳዬ ጉርሻውን ዋጠ እንጂ አልተንቀሳቀሰም።

“አትፈራም?” አልኩት።

“እኔ ፕሪሚየም ከፍያለሁ” አለ። ከዚያ ክንዱን በፊቴ አሳልፎ ከሳህኔ ላይ ትልቁን አጥንት አነሣ፤ ሊጠይቀኝ ቀርቶ ቀና ብሎ እንኳ አላየኝም። በመጽሔቱ ላይ እንዳለው ሽማግሌ።

ቅልጥሙ ያለበት አጥንት ነው። ይህንንም አልረሳለትም።